ቀንድ አውጣ የሚበሉ ተሳቢዎች በግቢያችን እንዲኖሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሃል አዲስ አበባ ጓሮ ያላቸው ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ችግኜን ሌሊት የሚበላው ቀንድ አውጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጠዋት ጎመኑ ወይም ሰላጣው ላይ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ፣ አጠገቡ ደግሞ ደርቆ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። ልጋግ ከሌለ ሌላ ተጠርጣሪ ፈልጉ። አባጨጓሬ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ኩስ ትቶ ይሄዳል። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የስልኩን መብራት አብርቶ ጓሮ ይውጣ። ዝናብ ካቆመ በኋላ ከሆነ ብዙ አይደክምም፣ ወዲያው ያገኘዋል።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ቀንድ አውጣ ስል ዛጎል የተሸከመውንም ዛጎል የሌለውን ልሙጡንም ነው። ጓሮ ላይ የበለጠ የሚያስቸግረው ልሙጡ ነው። ዛጎል ስለሌለው የትኛውም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ኮባ ያላችሁ ሰዎች የግንዱን ልባስ ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ቀኑን እዚያ ተሸጉጦ ሊሆን ይችላል።

ቀንድ አውጣ የሚበሉት ተሳቢዎች የትኞቹ ናቸው?

ግቢ ውስጥ የምናውቃት ቆዳዋ የሚያብለጨልጨው፣ ኮሽታ ስትሰማ ሽው ብላ ስንጥቅ ውስጥ የምትገባው እንሽላሊት ናት። ዋና ምግቧ ፌንጣ፣ ሸረሪት፣ አባጨጓሬና የመሳሰለው ነው። አፏ የሚችለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ፊቷ ከተገኘ ግን አትምረውም። እስስትም ቁጥቋጦ አጥር ላይ ትኖራለች፤ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነች ከመሬቱ ቀንድ አውጣ ጋር ብዙም አይገናኙም። የእሷ ውለታ ዝንብና ፌንጣ ላይ ነው።

የቀንድ አውጣ እውነተኛ ባለጋራ ግን እንሽላሊት ሳትሆን እባብ ነው። ዱቤሪያ የሚባል የትንንሽ እባቦች ወገን አለ። ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድረስ ይኖራል። ርዝመቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለሰው የሚያሰጋ መርዝ የለውም። ኑሮው በቀንድ አውጣ ላይ ነው ቢባል ይቀላል። የልጋጉን ዱካ እያሸተተ ይከተላል፣ ዛጎል ያለውንም ሥጋውን ስቦ ያወጣዋል። እንቁላል አይጥልም፣ ልጆቹን ነው የሚወልደው። ሲደነግጥ ይጠቀለላል እንጂ አይናከስም፤ ቢበዛ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ይመጣልኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ጥቅጥቅ ያለ ሣርና እርጥብ መሬት የሚወድ ፍጡር ነው፣ መሃል ከተማው ደግሞ ሁለቱንም እያጣ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የማየው እግር የሌለው እንሽላሊት እኛ ጋ አለ?

የለም። እሱ የአውሮፓ ነው። እባብ ይመስላል እንጂ እንሽላሊት ነው፤ ዓይኑን መጨፈን ይችላል፣ ሲይዙት ጅራቱን ይጥላል። የእንግሊዝ አትክልተኞች የሚሳሱለት ቀንድ አውጣ ስለሚወድ ነው። የአውስትራሊያው ሰማያዊ ምላስ ያለው ትልቁ እንሽላሊትም እንደዚሁ ነው። ከቪዲዮዎቹ የሚወሰደው አያያዙ ነው፦ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ የብስባሽ ክምር፣ መርዝ አለመርጨት። ይህ እኛም ጋ ይሠራል።

እንሽላሊት ግቢዬ ከገባች ቀንድ አውጣውን ጨርሳ ታጠፋልኛለች?

አታጠፋም። ይህን መጀመሪያ መቀበል ይሻላል፤ አለበለዚያ ሁለት ወር ጠብቆ ተስፋ መቁረጥና መርዝ መግዛት ይመጣል።

ችግሩ የሰዓት ነው። እንሽላሊት ሰውነቷን የምታሞቀው በፀሐይ ነው። ካልሞቀች አትሮጥም፣ ካልሮጠች አትበላም። ስለዚህ የምታድነው ቀን ነው። ቀንድ አውጣ ደግሞ ፀሐይ ስለሚያደርቀው የሚወጣው ሌሊትና በዝናብ ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲዘጋ ቀንድ አውጣው ፈንጠዝያ ላይ ነው፣ እንሽላሊቷ ደግሞ ድንጋይ ሥር ተጣብቃ ፀሐይ ትጠብቃለች። በጣም በምንፈልጋት ጊዜ በጣም የደከመች ናት ማለት ነው።

የሚገናኙበት ጊዜ ግን አለ። አንደኛው ቀን ላይ ድንጋይ ሥር ነው፤ ሁለቱም የሚሸሸጉት እዚያው ስለሆነ። ሌላው ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ሲል ነው፤ እርጥበቱ ስላልደረቀ ቀንድ አውጣው ገና ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም። ሰኔ መግቢያ ላይና መስከረም ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት ይበዛል። ያኔ የምትበላው ትንንሾቹን ነው። ትንንሾቹ ካነሱ በሚቀጥለው ወር ችግኝ የሚያጋድሙት ትልልቆች ያንሳሉ። እኔ ከእሷ የምጠብቀው ይህን ብቻ ነው።

የክረምቱን ሌሊት ፈረቃ የሚሸፍነው ጉርጥ ነው። ጉርጥ ተሳቢ አይደለም፣ የእንቁራሪት ወገን ነው፣ ግን በዚህ ጉዳይ ከእንሽላሊት ይበልጣል። በሌሊት ይወጣል፣ እርጥበት ይወዳል፣ ቀንድ አውጣ ይውጣል። ለእንሽላሊት የምታዘጋጁት ቦታ ለጉርጥም ይሆናልና አንዱን ስትጋብዙ ሌላውንም ጋብዙ።

እንሽላሊት መርዝ የላትም እንዴ?

የላትም። ግቢያችን የምናያቸው እንሽላሊቶችም እስስቶችም መርዝ የላቸውም። እስስትን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ቀለሟን ስለምትቀያይርና ዓይኖቿ ለየብቻ ስለሚዞሩ ይመስለኛል። ብትይዟት ልትነክስ ትሞክራለች፣ መቆንጠጥ ያህል ነው፣ በቃ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተሳቢዎች ቆዳቸው ላይ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያስይዝ ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ። ልጆች ከነኳት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ቀንድ አውጣም ጥገኛ ትል ስለሚይዝ በባዶ እጅ አትልቀሙት፤ የጓሮ ሰላጣና ቆስጣም ደህና አድርጋችሁ እጠቡ።

ከሌላ ቦታ ይዤ አምጥቼ ብለቅስ?

አይሆንም። እንጦጦ ወጥቶ በላስቲክ ዕቃ እንሽላሊት ይዞ የሚመጣ ሰው መልካም ነገር ያደረገ ይመስለዋል። እንሽላሊቷ ግን የምታውቀው የራሷን ድንጋይና የራሷን ስንጥቅ ነው። የማታውቀው ግቢ ስትለቋት መሸሸጊያ ፍለጋ ስትንከራተት ድመት ወይም ወፍ ይቀድማታል። ሕግም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝን አይፈቅድም። እስስት ደግሞ ከአገር አገር ሲዘዋወር የዱር እንስሳት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ከውጭ አገር የመጣ ተሳቢ መልቀቅ ደግሞ የባሰ ነው። ባለ ሦስት ቀንዱ የምሥራቅ አፍሪካ ተራራ እስስት በ1972 እ.ኤ.አ. ለቤት እንስሳነት ሃዋይ ገብቶ ነበር። አምልጦ ተራባ። አሁን እዚያ ደሴት ላይ ብቻ የሚገኙትን፣ ማንንም ያልበደሉትን የዛፍ ቀንድ አውጣዎች እየበላ ያስቸግራል።

ታዲያ በራሳቸው እንዲመጡ ምን ላዘጋጅ?

ሦስት ነገር ነው የሚፈልጉት፦ የሚሞቁበት፣ የሚሸሸጉበትና የሚበሉት። የሚበሉት አለ፣ እሱ አይደል ያማረራችሁ። የቀሩትን ሁለቱን አቀራርቡላቸው። እንሽላሊት ፀሐይ ስትሞቅ አንድ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው፤ መሸሸጊያው በሁለት ዝላይ የማይደረስበት ከሆነ እዚያ ቦታ አትቀመጥም።

ቦታ ስትመርጡ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ ያዙ። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው፤ የምትገኘው ትንሽ ፀሐይ የጠዋቷ ናት። እዚያ ጥግ ላይ ድንጋይ ከምሩ። ሜዳ ላይ አትበትኑት፣ ሲሚንቶም አታስገቡበት፤ ጥቅሙ ክፍተቱ ነው። ትልልቁን ከታች፣ ጠፍጣፋውን ከላይ አድርጉ። ጠፍጣፋውና ጠቆር ያለው ድንጋይ ቶሎ ይሞቃል። ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት ካላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ቀዳዳውን ወደ ጎን አዙራችሁ አጋድሙት፣ ግማሹን በአፈር ቅበሩት፣ የተዘጋጀ ቤት ነው። አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ሣር ላይ በጠፍጣፋው ማስተኛትም ከምታስቡት በላይ ይሠራል። ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሥሩ ደርቆ ይሞቃል። ዝገቱ ካስጠላችሁ ከጌሾው ጀርባ አድርጉት።

ከድንጋዩ አጠገብ አንድ ሜትር የምትሆን ሣር ሳትታጨድ ትቅር። አትክልተኛ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሰነፍ እንዳይባል ሙልጭ አድርጎ ያጭደዋል። የብስባሽ ክምርም ይረዳል፤ የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የቡና አተላ አንድ ጥግ ላይ ሲብላላ ይሞቃል፣ ነፍሳት ይሰበስባል። ውኃ በዝርግ ሳህን አድርጉ፣ መሃሉ ላይ ጠጠር ይኑረው፣ በየሁለት ቀኑ ቀይሩት። ክፍት ባልዲና በርሜል ካለ ግን ወይ ክደኑት ወይ እንጨት አስገቡበት። እንሽላሊት ገብታ መውጣት አቅቷት የምትሞተው እዚያ ነው።

የመጨረሻው ነገር መግቢያ ነው። የድሮ የድንጋይ አጥር በራሱ መንደር ነበር። አሁን አጥሩ ተለስኖ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ተደርቦ፣ በሩ መሬት ነክቶ ይዘጋል። ከጎረቤት ጓሮ ወደ እናንተ ጓሮ የምታልፍ የሁለት ጣት ቀዳዳ ካለች አትድፈኗት።

ግቢዬ በሙሉ ሴራሚክ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ለእኔስ?

ሴራሚክ ላይ እንሽላሊትም ቀንድ አውጣም አይኖርም፤ ያለው ችግር የአበባ ማሰሮው ሥር ነው። ማሰሮዎቹን በየሳምንቱ እያነሳችሁ መልቀም ይበቃል። ፎቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከአበባ መሸጫው ከችግኙ ጋር ይዛችሁ እንዳትገቡ አፈሩን ተመልከቱ። ከዚህ በላይ ልፋት አያስፈልግም።

ድመት አለኝ። ዶሮም አለኝ። አብረው ይሆናሉ?

ከድመት ጋር ከባድ ነው። ድመት እንሽላሊት የምትገድለው ርቧት ብቻ አይደለም፤ ስለተንቀሳቀሰች ይበቃታል። ጅራት ብቻ ወድቆ ካገኛችሁ ለጊዜው አምልጣለች ማለት ነው፣ ጅራቱ ተመልሶ ያድጋል፣ ግን ብዙ ጉልበት ያስወጣታል። የራሳችሁን ድመት ፀሐይ በምትሞቅበት ረፋድ ላይ ቤት ማቆየት ትችላላችሁ። የሠፈሩን ድመት ማንም አይችለውም። ስለዚህ የድንጋዩ ስንጥቅ የድመት መዳፍ የማያስገባ ጠባብና ጥልቅ ይሁን። ላዩ ላይ እሾህ ያለው የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ጣል ማድረግም ይረዳል።

ዶሮ ቀንድ አውጣ ትበላለች፣ እንሽላሊትም ትበላለች፣ ችግኙንም ጭራ ትነቅላለች። ዶሮ ያለው ሰው ሌላ ቀንድ አውጣ አዳኝ አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው አጥር ነው።

የቀንድ አውጣ መርዝ ብረጭ ምን ችግር አለው?

ገበያ ላይ በእንክብል መልክ የሚሸጠው የታወቀው የቀንድ አውጣ መርዝ ሜታልዲሃይድ ነው። ውሻም ወፍም ይገድላል። ጥራጥሬ ስለሚመስልና ስለሚጣፍጥ ውሻ ይለቅመዋል። ብሪታንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ መጠቀሙን የከለከለችው በዱር እንስሳት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። እንሽላሊትና ጉርጥ እንዲመጡ ድንጋይ እየከመሩ መርዝ የበላ ቀንድ አውጣ ማቅረብ የእንግዳ አቀባበል አይደለም። የግድ ካስፈለገ አይረን ፎስፌት የሚባለው ይሻላል፤ ለውሻና ለወፍ ያለው አደጋ በጣም ያነሰ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም አለ። ለትኋን፣ ለጉንዳን፣ ጎመን ላይ ለሚወጣው ቅማል የሚረጨው ፀረ ተባይ ነው እንሽላሊቶችን በብዛት የሚጎዳው። ምግባቸውን ይጨርሳል፣ የተረጨውንም ነፍሳት ይበሉታል። እንሽላሊት ጠፋች የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምን ትረጫላችሁ ብዬ ነው።

አመድ፣ ጨው፣ የእንቁላል ቅርፊትስ?

ጨው ተዉት። ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ አፈሩንም ያበላሻል። አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያግዳል፣ አንድ ካፊያ ሲነካው ያበቃል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወጣው በካፊያው ነው። የእንቁላል ቅርፊት ስሙ ገነነ እንጂ አይሠራም። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የሚባለው የብሪታንያ የአትክልተኞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሙከራ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጠጠር፣ የመዳብ ጥብጣብና ሌሎች ማገጃዎች የተደረገለት ሰላጣ ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ እኩል ተበልቷል።

የሚሠራው ወጥመድ ነው። ፈረንጆቹ ቢራ ይጠቀማሉ፤ ቀንድ አውጣን የሚስበው የእርሾው ሽታ ነው። ለእኛ የጠላ አተላ በነፃ አለ። ጣሳ አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ ጠርዙ ግን ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከመሬት እኩል ከሆነ ጥንዚዛውም እንሽላሊቷም ይወድቁበታል። ጥንዚዛ ደግሞ የቀንድ አውጣ እንቁላል የሚበላ ወዳጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ድፉት፤ በፀሐይ ከዋለ ሽታው ከቀንድ አውጣው ይብሳል።

ድንጋይ ሳነሳ እንቁላል አገኘሁ። የማን ነው?

ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ሳጎ ፍሬ ድብልብል ያለ፣ ተጣብቆ የተከመረ ከሆነ የቀንድ አውጣ ነው። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ በትኑት፣ ይደርቃል። ነጭ፣ ሞላላ፣ ቆዳው ለስላሳና ወፈር ያለ፣ የጥፍር ያህል ከሆነ የእንሽላሊት ሊሆን ይችላል። ይህኛውን አትንኩት፣ በተለይ አታገላብጡት። የተሳቢ እንቁላል እንደ ዶሮ አይገለባበጥም፤ ውስጡ ያለው ፅንስ ከላይኛው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። ድንጋዩን እንደነበረ መልሱና ሌላ ቦታ ቆፍሩ።

ድንጋይ ብከምር እባብ አይመጣብኝም?

ይህን የማይጠይቅ የለም፣ ልክም ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ያለምክንያት አይደለም። ቀጥተኛው መልስ፦ ሊመጣ ይችላል፣ መሃል ከተማ ላይ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ ቀበናና ግንፍሌ ዳርቻ፣ ወይም ሰፊ ጫካ ያለው ግቢ አጠገብ የምትኖሩ ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል አላችሁ።

ሰው ግቢ ድረስ እባብን የሚስበው ብዙ ጊዜ አይጥ ነው። የፈሰሰ እህል፣ የዶሮ መኖ፣ ያልተከደነ ቆሻሻ፣ ሰርቪስ ቤት ጀርባ የተጠራቀመ ጆንያ፣ እነዚህ ካሉ አይጥ አለ። ድንጋዩን ከመበተን በፊት እነሱን አጽዱ። የድንጋይ ክምሩም ልጆች ከሚጫወቱበትና ሌሊት ከምትመላለሱበት መንገድ ይራቅ። ሽንት ቤት ውጭ ከሆነ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ሣሩ አጭር፣ መብራቱ በቂ ይሁን።

ቆርቆሮ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ስታነሱ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጠርዝ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። እንደዚያ ሲሆን ሥሩ ያለው ነገር መውጫው ወደ ፊት ነው፣ እናንተ ደግሞ ከቆርቆሮው ጀርባ ናችሁ። ብረት ወይም እንጨት ተጠቀሙ፣ ጣታችሁን አታስገቡ፣ ጫማችሁ የተዘጋ ይሁን።

ያየሁት እባብ ቀንድ አውጣ በሊታው መሆኑን እንዴት ልለይ?

አትለዩ። ከላይ ስለ ዱቤሪያ የጻፍኩት እንድታውቁት እንጂ ጎንበስ ብላችሁ እንድትመረምሩት አይደለም። ትንሽ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም፤ የእፉኝት ልጅም ትንሽ ናት፣ ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ አላት። ቆማችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ልጆችንና ውሻውን አስገቡ፣ መውጫ ተዉለት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሄዳል።

«እባብ ግደል፣ በትሩንም ወደ ገደል» ብሎ ያሳደገን አገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚነደፈው ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲጠጋ ነው። ሰው ከተነደፈ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አይገባም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁለት፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፉት፣ ሰውዬውን ሳታስሮጡ በመኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የጋራ ግቢ ነው። ጎረቤቶቼ እንሽላሊት ባዩ ቁጥር ይገድላሉ። ምን ላድርግ?

የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ባለበት የድንጋይ ክምር መሥራት ዲፕሎማሲ ይፈልጋል። እማማ እገሌን ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም። «ጎመናችንን የሚበላውን ትበላለች፣ በረሮም ትበላለች» ማለት ይበቃል፤ በረሮዋ ላይ ሁሉም ይስማማል። ክምሩን ከራሳችሁ ደጃፍ አጠገብ አድርጉት፣ ኃላፊነቱ የእናንተ መሆኑ ይታይ። ልጆቹን ደግሞ አሰማሯቸው። ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ የዛሬዋን እንሽላሊት ጅራት ያላትና የሌላት እያለ መቁጠር ከጀመረ ጠባቂ ይሆናል። ከአዋቂው ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያሳምኑት።

ሁሉን አድርጌ ዓመት አለፈ፤ አንድም አልመጣችም። የት ነው የተሳሳትኩት?

ምናልባት የትም አልተሳሳታችሁም። እንሽላሊት የምትመጣው ከአቅራቢያ ነው። ዙሪያችሁ በሙሉ ፎቅና አስፋልት ከሆነ የምትነሳበት ቦታ የለም። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ዛፍ ያለባቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች፣ የወንዝ ዳርቻዎች፣ እነዚህ ቅርብ ከሆኑ ተስፋው ብዙ ነው። ራቅ ካሉ ከጎረቤት ጋር ጓሮ ለጓሮ ማያያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥላ ነው። ስትከምሩት ፀሐይ የነበረው ቦታ ዛፉ ሲያድግ ወይም ጎረቤት ፎቅ ሲጨምር ጥላ ይሆናል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ ዳስሱት። ካልሞቀ አዛውሩት። ሦስተኛው ደግሞ የእናንተው መነካካት ነው። መጥታ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ ድንጋይ የሚገለብጥ ሰው አለ። እንደዚያ ከሚሆን ራቅ ብሎ ቡና እየጠጡ መጠበቅ ይሻላል።

ግቢያችን ሊፈርስ ነው፤ ልንነሳ ነው። እንሽላሊቶቹን ይዤ ልሂድ?

መሃል ከተማ ላይ ይህ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። አትያዟቸው፤ ከላይ ያልኩት እዚህም ይሠራል። ማድረግ የምትችሉት እንዲሸሹ ጊዜ መስጠት ነው። ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት የድንጋይ ክምሩንና አጥሩን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አፍርሱ። ጠዋት በብርዱ አትጀምሩ፣ ያን ጊዜ መሮጥ አይችሉም። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ይሁን። ከአንድ ወገን ጀምሩና ወደማይፈርሰው ጎረቤት ወይም ወደ ዛፉ አቅጣጫ ሂዱ፤ እነሱም ወደዚያው ይገፋሉ። የብስባሹን ክምርም እሳት ከመልቀቅ ይልቅ በሹካ ገላልጡት።

አዲሱ ቤት ጓሮ ካለው ብሎኬቱን፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮቹንና ቆርቆሮውን ጫኑ፣ ድንጋይ እዚያ መግዛት ውድ ነው። ችግኝ ስትወስዱ ግን ሥሩን አራግፉ፤ ቀንድ አውጣው እንቁላሉን አፈሩ ውስጥ ይዞ አብሯችሁ እንዳይሄድ።